የአባ ማርቆስ የመጨረሻ ገጽ

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ዐርፌአለሁ» እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ማረፍ አልሆነልኝም። ጠዋት ቤቴን ጠርጌ እጨርስና የጠረግሁትን እንደገና እጠርጋለሁ። ገበያ ወጥቼ የምገዛውን ሳልገዛ እመለሳለሁ። ስቀመጥ ደግሞ ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እያወራችኝ ሳለ እጄን አይታ፣ «እትዬ አስካለ፣ ምን እየቆጠሩ ነው?» አለችኝ። እየቆጠርሁ አልነበረም። የምታወራውን እየመታሁ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ሆኖ የኖረ ሰው፣ ሌላው ሲናገር እጁ ዝም አይልለትም።

በእነዚያ ዓመታት የጻፍሁት ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው። የዳኞች፣ የኃላፊዎች፣ የካህናት። ከደብዳቤው ግርጌ በስተግራ የተናገረው ሰው ስም መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ እዝባር፣ ቀጥሎ የታይፒስቷ ስም መጀመሪያ ፊደል ይመታል። የእኔ ድርሻ ያቺ አንዲት «አ» ነበረች። የራሴን ቃል የጻፍሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስድስት መስመር። እሱንም የጻፍሁት በሌላ ሰው ስም ነው። ይህን ማስታወሻ የጀመርሁት እነዚያ ስድስት መስመሮች ስላላስቀመጡኝ ነው።

የተወለድሁት ሶዶ ነው። አያቴ ከሰሜን በጽሕፈት ሥራ ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ታይፕ ተማርሁ። መምህራችን ቁልፎቹን በፎጣ ሸፍኖ ያስመታን ነበር። የአማርኛ ታይፕራይተር ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ሁሉም ቁልፍ ላይ አይገባም። ግንዱን በአንድ ቁልፍ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ እየመታን ነበር አንዱን ፊደል የምንሠራው። ጎበዝ ታይፒስት በፍጥነቷ አትታወቅም። ቀለበቱ ግንዱን ነክቶ እንደሆነ ወይም ብቻውን አየር ላይ ቀርቶ እንደሆነ ታይቶ ነው የምትታወቀው።

መጀመሪያ የተመደብሁት በዴሳ በምትባል የአካባቢያችን ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ደመወዙ ለእኔና ለእናቴ ይበቃን ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በዴሳ የከብት ገበያ ስላለ ክርክሩም የከብት ነበር። ከሁሉ የማልረሳው የአንድ በሬ ጉዳይ ነው። አንድ ምስክር «በሬው የእሱ ይመስለኛል» ሲል እኔ «በሬው የእሱ መሆኑን አውቃለሁ» ብዬ መታሁት። ተንኮል አልነበረብኝም። ዓረፍተ ነገሩ ጠንከር ያለ እንዲሆን ብዬ ነው። ቃሉ ሲነበብለት ምስክሩ «እኔ እንዲህ አላልሁም» አለ። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ወይዘሪት አስካለ፣ በሬው የአንቺ ነው?»

«አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምስክሩ የማያውቀውን አንቺ ከየት አወቅሽው?»

ችሎቱ ሳቀ። በሬው የጠፋበት ሰው ሳይቀር ሳቀ። ያን ቀን የተማርሁ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ እናቴ ስለታመመች ወደ ሶዶ ተመለስሁና በካቶሊክ ሚሲዮን ጽሕፈት ቤት ሥራ ጠየቅሁ። የተቀበሉኝ አባ ማርቆስ ናቸው። የወላይታ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም መነኩሴ ነበሩ፤ ጣሊያን አገር ብዙ ዓመት ተምረው ተመልሰው የገጠር የሃይማኖት መምህራንን ያሠለጥኑ ነበር። ፈተናዬ አጭር ነበር። አንድ ወረቀት ሰጡኝና «አንብቢልኝ» አሉ። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አማርኛ መሆኑን ያወቅሁት በአራት ነጥቦቹ ነው። «እስከ ነገ ይስጡኝ» አልኋቸው። በማግሥቱ ከሁለት ቃል በቀር ሁሉንም አነበብሁላቸው።

«ከአንቺ በፊት ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር» አሉኝ። «አንዱ ‹ላቲን አልተማርኩም› ብሎ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።»

ወረቀቱ የመጽሐፋቸው የመጀመሪያ ገጽ ነበር። የቶማስን ሕይወት ነበር የሚጽፉት። ቶማስ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ደቡብ ጣሊያን ውስጥ የተወለደ መነኩሴና የሃይማኖት ሊቅ ነው። አባ ማርቆስ እሱን የመረጡት ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸው ነበር። «መምህሮቼ ገጠር ገብተው ከጴንጤውም፣ ከእናንተ ከኦርቶዶክሶቹም ጋር ይጣላሉ» አሉ። «መልስ በቃላቸው አጥንተዋል። ማሰብ አልተማሩም። ይህ ሰው ማሰብ ያስተምራል።»

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ይህንን አልደበቅሁም፣ እሳቸውም አንድ ቀን ካቶሊክ ሁኚ አላሉኝም። አንድ ረቡዕ ብቻ፣ ምሳ ሳልበላ ስመታ አዩኝና «አስካለ፣ የንስሐ አባትሽ ይህን ሥራሽን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ንገሪያቸው። ታይፕራይተሩ ገና አልተጠመቀም በያቸው።»

መጽሐፉ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ እሳቸው ከሥልጠናና ከጉዞ በተረፋቸው ጊዜ ይጽፋሉ፣ እኔ ከደብዳቤ በተረፈኝ ጊዜ እመታለሁ። ቶማስን ያወቅሁት እንዲህ፣ ገጽ በገጽ ነው። የመኳንንት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ በትልቅ ገዳም አስተዳዳሪ እንዲሆንላቸው ሲያስቡ፣ እሱ እየለመኑ ከሚኖሩ መነኮሳት ማኅበር ገባ። ወንድሞቹ ወታደሮች ነበሩና መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙት፤ በቤተሰቡ ግንብ ውስጥም አንድ ዓመት ያህል ቆለፉበት። አልተመለሰም። ቆልፈውበት ያነብ ነበር። ኋላ ለትምህርት ሲሄድ በጣም ትልቅና ዝምተኛ ስለነበር ጓደኞቹ በሬ ይሉት ጀመር። መምህሩ ግን ይህ በሬ የጮኸ ቀን ዓለም ይሰማዋል አሉ ይባላል። ይህን ስመታ የበዴሳው በሬ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ ግን ከሊቁ ይልቅ ጸሐፊዎቹን ነበር የምከታተለው። የቶማስ የእጅ ጽሑፍም ማንበብ የሚያስቸግር ነበር ይባላል፤ የሚያነቡለት ጥቂት ሰዎች ነበሩት። በአንድ ጊዜ ለሦስትና ለአራት ጸሐፊ ልዩ ልዩ ነገር እየነገረ ያስጽፍ ነበርም ይባላል። አንድ ጊዜ በፈረንሳይ ንጉሥ ግብር ላይ ተቀምጦ ሳለ በሐሳብ ጠፍቶ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ለተቃዋሚዎቹ መልስ አግኝቶ ነበር። ንጉሡ ሐሳቡ እንዳያመልጥ ብሎ ወዲያው የራሱን ጸሐፊ አስጠራለት። አባ ማርቆስ ይህን ሲያነቡልኝ ቆም አልሁ።

«ምነው?» አሉ።

«ጸሐፊው እራቱን በልቶ ነበር?»

አባ ዐይናቸውን በመሐረብ እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ ግን መሐረባቸውን አጥፈው «አልተጻፈም» አሉኝ። «የጸሐፊ ነገር አይጻፍም።»

ከአባ ልማድ ሁሉ አንዱ አብሮኝ ቀርቷል። የቶማስ መጻሕፍት ጥያቄ ያነሣሉ፤ ከዚያ ቶማስ የራሱን መልስ ከመናገሩ በፊት የተቃዋሚዎቹን ምክንያት ይደረድራል። አጣሞ አይደረድርም፤ ተቃዋሚው ራሱ ከሚናገረው አሳምሮ ነው። አባ ማርቆስ ይህን ከወረቀት አውጥተው ቢሮ አስገቡት። አንድ ቀን ዘበኛው አርፍደሻል ብሎ በሩ ላይ ስላቆመኝ ተናድጄ ገባሁ። አባ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። ጣት ካነሡ ትርጉሙ «ተቃዋሚው ምን ይላል?» ማለት ነው።

«ደንብ ነው ይላል» አልሁ።

«ከእሱ በተሻለ ተናገሪለት።»

ተናገርሁ። ዘበኛውን አስጠሩትና በፊቱ እንደገና አስባሉኝ። ዘበኛው «ልክ ነው፣ ያልሁት ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ አላልሁም» አለ። «አሁን የራስሽን» አሉኝ። የራሴ ንዴት የት እንደ ሄደ አላውቅም። መምህራኑንም የሚያሠለጥኑት እንዲሁ ነበር። ሃላሌ፣ በዴሳ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ሄደው ሲከራከሩ፣ ሌላው «አዎ፣ ያልሁት ይኸው ነው» ሳይል የራሳቸውን እንዳይናገሩ ያስምሏቸው ነበር ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ የሚባዛው በስቴንስል ነው። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። ባለ ቀለሙ ጥብጣብ፣ ሪባኑ፣ ከመንገድ ዘወር ይደረግና ቁልፉ በባዶው ሰሙን ይቀድደዋል፤ በቀዳዳው በኩል ነው ቀለሙ የሚያልፈው። «ዐ»ንና «ወ»ን ጠንክረሽ ከመታሽ መካከሉ ተበስቶ ይወድቅና ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ክብ ፊደል በለስላሳ፣ ቀጥ ያለ ፊደል በጠንካራ ጣት ይመታል። ስሕተት ሲፈጠር በቀይ ማረሚያ ፈሳሽ ቀብተሽ፣ እፍ ብለሽ፣ እስኪደርቅ ጠብቀሽ ትደግሚዋለሽ። በአንድ ገጽ ከሦስት ጊዜ በላይ ከቀባሁ ገጹን እጥለው ነበር። በዚህ ኩሩ ነበርሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ የኮራሁበት ነገር ነበረኝ። በግቢው ውስጥ «የአባን እጅ ከአስካለ በቀር ማንም አያነብም» ይባል ነበር። ሰው ሲለው ዝም እላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት አባ ማርቆስ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። ኦቶና ሐኪም ቤት ተኙ። የቀረው አንድ ገጽ ነበር። ቶማስ ዕድሜው ሃምሳ ሳይሞላ፣ ትልቁን መጽሐፉን ሳይጨርስ፣ አንድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መጻፍ አቆመ። የቅርብ ጓደኛው የሆነው ጸሐፊ ለመነው፤ እንቢ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ላይ ታሞ ሞተ። አባ የሚጽፉት ይህን ነበር፤ ለምን እንዳቆመ የራሳቸውን ሐሳብ ሊሰጡ።

የመምህራኑ ዓመታዊ ሥልጠና የሚዘጋበት ቀን ረፋድ ላይ አንዲት መነኩሲት ገጹን ይዛልኝ መጣች። ዐልጋ ላይ ሆነው በግራ እጃቸው የጻፉት ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት ወሰድሁት። ገለበጥሁት። ከላይ «ቶማስ» የሚል ይታያል። ከመሐል «ዝም» የሚል ይታያል። ሌላው ማዕበል ነው።

ውጭ ሥልሳ የሚሆኑ መምህራን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጽሐፉን ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ሌላው ገጽ ሁሉ ተባዝቶ ተደርድሯል። ከመምህራኑ አንዱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «አለቀ ወይ?» አለኝ። «ሊያልቅ ነው» አልሁት። ከዚያ ስቴንስሉን አስገብቼ እንዲህ ብዬ መታሁ፦

«ቶማስ ብዕሩን ያስቀመጠው ሥራው ስላለቀ አይደለም። ሥራ አያልቅም። ገበሬ የቻለውን አርሶ፣ የቻለውን ዘርቶ ማረሻውን ይሰቅላል፤ ዝናቡ ግን የእሱ አይደለም። ቶማስም ዝናቡን ለባለቤቱ ትቶ ተነሣ። የዘራው በቀለ። እሱ ባያየውም በቀለ።»

አንድም ቀይ አልቀባሁበትም። ከግርጌው እንደ ልማዴ «ማ/አ» መታሁ። ማርቆስ እንደ ተናገረው፣ አስካለ እንደ መታችው።

እሑድ ኦቶና ሄድሁ። በግራ እጃቸው የጻፉትን ገጽ ልጠይቃቸው ብዬ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። አባ መናገር አይችሉም፤ ዐይናቸው ግን ያው ነበር። የተጠረዘውን መጽሐፍ ሳሳያቸው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥሁላቸው። እሳቸው እያዩ እኔ እያገላበጥሁ መሐሉ ድረስ ሄድን። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ «አይድከሙ፣ ሌላ ቀን እናየዋለን» ብዬ ዘጋሁት። ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። ምን ለማለት እንደሆነ ያልገባኝ መስዬ ተነሣሁ። ሌላ ቀን አልነበረም። ሐሙስ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ በዚያው ጽሕፈት ቤት ያሳለፍሁት የሥራ ዘመን ረጅም ቢሆንም የሚነገር ነገር የለውም። መንግሥት ተለወጠ፣ ኃላፊዎች ተለዋወጡ። ወላይትኛው በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር እንደ አዲስ ቁልፍ አጠናሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ ወጣቶቹ «እትዬ፣ ቀስ ብለው ይንኩት፣ አይደበድቡት» ይሉኝ ነበር። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የዝውውር ጥያቄ። አንድ ቀን ግን የሥራ ባልደረባችን ባል ሞቶ ቀብር ሄድሁ። አንድ የሃይማኖት መምህር ከአባ ማርቆስ መጽሐፍ አውጥቶ አነበበ። ከሰባት ዓመት ሥራ መርጦ ያነበበው የመጨረሻውን ስድስት መስመር ነው። ሴቶቹ «ባያየውም በቀለ» የሚለውን ተቀብለው ደገሙት። የማውቀው መስሎኝ ቀና ካልሁ በኋላ የራሴ መሆኑ ገባኝና ከሰዉ መሐል ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀብሩ ሰማሁት። ካቶሊክ ባልሆኑትም ቀብር ሰማሁት። ከቀብር መቅረት ነውር ነው፤ እኔ ግን መቅረት ጀመርሁ።

ባለፈው ዓመት አባ ኤልያስ የሚባሉ ወጣት ካህን ቤቴ መጡ። የኅትመቱ ኃላፊ ናቸው። የአባ ማርቆስን መጽሐፍ ወደ ወላይትኛ አስተርጉመው በደንብ ሊያሳትሙ ነው። «የእጅ ጽሑፉ እርስዎ ዘንድ ነው ይላሉ» አሉኝ። እኔ ዘንድ ነበር፣ በካርቶን። እስከ ማግሥቱ ጊዜ ጠየቅሁ። ያን ቀን ካርቶኑን ስንት ጊዜ እንደ ከፈትሁት አላስታውስም። የመጨረሻውን ገጽ አወጣሁት፣ መለስሁት። ባወጣው የሚያውቅ የለም። ባላወጣውም የሚያውቅ የለም፤ የአባን እጅ ከእኔ ሌላ የሚያነብ የለማ። እሱ ነው የባሰብኝ።

በማግሥቱ ካርቶኑን ከነገጹ ይዤ ሄጄ ነገርኋቸው። አባ ኤልያስ ወረቀቱን እንደኔው ወደ መስኮት ወስደው አዩት።

«እትዬ፣ ይህን መስመር ሰው ይወድደዋል» አሉ። «ማንን ጎዳ?»

«አባ ማርቆስ ያላሉት ነው።»

«ምን እንዳሉስ ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ባዶ መሆን ያለበት።»

አገጫቸውን አሻሹ። «ለእኔ ቢሆን እተወው ነበር። ግን የሚተረጉሙት መምህር አንጁሎ ናቸው። ማክሰኞ ከሃላሌ ይመጣሉ። ለእሳቸው ይንገሩ፤ እሳቸው ያሉትን አደርጋለሁ።»

መምህር አንጁሎን አውቃቸዋለሁ። ያን ቀን በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው «አለቀ ወይ?» ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ማክሰኞ ከሚሲዮኑ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ሳሮ፣ እትዬ አስካለ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝ። «አንቺ አላረጀሽም እኮ። እኔን ብቻ ነው እንዴ ጊዜው ያገኘኝ?»

«ሳሮ፣ መምህር። እኔንም አግኝቶኛል። የምነግርዎት ነገር አለ።»

ነገርኋቸው። ከበዴሳው በሬ ጀምሬ ሳይሆን ከገጹ ጀምሬ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ልክ እንደ አባ ማርቆስ።

«እንግዲህ መጀመሪያ የአንቺን ልበልልሽ» አሉ። «ወረቀቱ አይነበብም ነበር። እኛ ውጭ ቆመናል። እኔም በመስኮት ነዝንዤሻለሁ። ባዶ ብትሰጪን የአባ መጽሐፍ ጎደሎ ይሆናል። ክፉ አልጻፍሽም፣ ደግ ጻፍሽ። ያልሽው ይኸው ነው?»

«አዎ። ያልሁት ይኸው ነው።»

«አሁን የእኔን። ኦቶና ከዚህ ምን ያህል ያስኬዳል?»

«በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«አባ በሕይወት ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ራሳቸውን መነቅነቅ ይችሉ ነበር?»

«ይችሉ ነበር።»

«ታዲያ?»

ሥራሽን ታውቂያለሽ ያሉኝ ኃላፊዎች ብዙ ነበሩ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። «ማንበብ አቃተኝ ማለት አፈርሁ» አልሁ።

መምህር አንጁሎ ጣታቸውን አወረዱ። «ልጄን የቀበርሁት በዚያ ቃል ነው» አሉ። «ሦስት ልጆች ጥላ ነው የሄደችው። የምለው አልነበረኝም። የቅዱስ ሰው ሐሳብ ነው፣ አባ ማርቆስ ናቸው የጻፉት ብዬ አነበብሁ። እሱን ይዤ ነው ከመቃብሩ የተመለስሁት። አሁን አንቺ የለም አልሽኝ።»

ተነሡ። ደኅና ሁኚ አላሉኝም። በሩ ላይ ዘበኛው ያቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩት ሞተር ብስክሌት አስቁመው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አባ ኤልያስ ትርጉሙ መቆሙን ነገሩኝ። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልሁም። ወደ ኦቶና በእግሬ ሄድሁ፤ የምጠይቀው በሽተኛ አልነበረኝም። ሰዓቴን እያየሁ ነው የሄድሁት። ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ፤ ባረጀ እግር። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሄድሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። መምህር አንጁሎ ናቸው፤ ቦዬ፣ ያገራችንን ሥራሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘዋል። ከረጢቱን ከበሩ ሥር አስቀመጡና ቆመው ቤቱን ቃኙ።

«ያ ታይፕራይተር የት ሄደ?»

«እኔ ዘንድ ነው። ጡረታ ስወጣ የሚፈልገው ስላልነበረ ሰጡኝ።»

«ይሠራል?»

ሪባኑ ደርቆ ነበር። አወጣሁትና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌ በጨርቅ እያሻሸሁ ነፍስ እስኪዘራ ጠበቅን። ወረቀት ሳስገባ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያን ቃል ደግሜ አነበብሁት» አሉ። «ካነበብሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በቃሌ ስለሆነ የምለው መጽሐፉን አልገልጥም። ለካ እኔም የምለው ሌላ ነው። ከልጄ ቀብር ጀምሮ ሳላውቀው ለውጬዋለሁ። አንቺ ሰውየውን ባለ ማረሻ አደረግሽው። ሴት ልጅን በማረሻ እንዴት ልቀብር? ጻፊ።»

ጣቶቼን አስቀመጥሁ። ቀስ ብለው አስጻፉኝ፤ በወላይታ አማርኛቸው፣ እየቆሙ።

«ሰው የሚሄደው ሥራው ስላለቀ አይደለም። ሥራ አያልቅም። እናት እንሰት ትተክላለች። እየነቀለች ሌላ ቦታ ትተክላለች፣ ደግሞ ትነቅላለች። ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ክረምት ነው። አንዳንዷ ሳትቀምሰው ትሄዳለች። ጓሮው ግን አረንጓዴ ነው። ልጆቿ ይበሉታል። ማን እንደ ተከለው ሳይጠይቁ ይበሉታል።»

ሁለት ቦታ ላይ ላቃናው እጄ ዳድቶ ነበር። አላቃናሁትም።

«ቶማስስ?» አልሁ።

«ቶማስ የለበትም። አባ ማርቆስም የሉበትም። በመጽሐፉ ላይ ባዶ ይሁን ብዬ ለአባ ኤልያስ ነግሬአለሁ። ከሥሩ ‹የአባ ማርቆስ የመጨረሻ ገጽ አልተነበበም፤ በፊተኛው መጽሐፍ እዚህ የነበረው የታይፒስቷ ቃል ነው› ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙንም ሰኞ እቀጥላለሁ።»

«ስሜስ?»

«እሱን አልጠየቁኝም። ብትፈልጊ ንገሪያቸው።»

ወረቀቱ ገና ማሽኑ ላይ ነበር። «ከግርጌው ምን ልምታ?» አልሁ።

«ዱሮ የምትመቺውን።»

«የተናገረው ስም፣ የመታው ስም ነው።»

«እንግዲያው የተናገርሁት እኔ ነኝ። የመታሽው አንቺ ነሽ። ሐሰት አለበት?»

አሰብሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከእኔ ስድስት መስመሮች እንደ መጡ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

«የለበትም» አልሁ።

«ፊደል ብቻ አይሁን። ሙሉውን ምቺው።»

አንጁሎ፣ ከዚያ የአባታቸውን ስም፤ እዝባር፤ አስካለ፣ ከዚያ የአባቴን ስም። ወረቀቱን ሳወጣላቸው ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቁም። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። የሃላሌ መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ወጡ፤ ዞር ብለውም «ቦዬው ዛሬውኑ ይቀቀል፣ በዳጣ ብዪው» አሉኝ።

ቀቀልሁት፤ በሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣም በላሁት። ያን ከሰዓት ጎረቤቴ መጥታ ብዙ አወራችኝ፤ እጄ ጠረጴዛው ላይ ዐርፎ ዋለ። በማግሥቱ ግን እንደገና ጀመረ።